የትዳር ጓደኛን ይዞ ድንገተኛ ክፍል መግባት፦ አስታማሚው የሚያውቀውና የሚጠበቅበት

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ታማሚው አይደለም። ከአልጋው አጠገብ ስለሚቆመው፣ ካርድ ስላልወጣለት፣ ስሙም በመዝገቡ ላይ «የቅርብ ተጠሪ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ብቻ ስለሚጻፈው ሰው ነው። በድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ ያየኋቸው ባሎችና ሚስቶች አብዛኞቹ በሩን ሲያልፉ ሁለት ነገር ይዟቸው ይገባል፤ አንደኛው ፍርሃት፣ ሁለተኛው «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» የሚል ግራ መጋባት። ለፍርሃቱ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም። ለሁለተኛው ግን መልስ አለኝ፤ ንግግሬም በሙሉ እርሱን ለማስረዳት የታሰበ ነው።

የትዳር ጓደኛ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዋነኛ ሥራው ምስክርነት ነው። ተረኛ ሐኪሙም ሆነ ነርሷ ታማሚውን የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ትናንት እንዴት ይናገር እንደነበር፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ፊቱ ከወትሮው ገርጥቶ እንደሆነ ወይም መልኩ ድሮም እንዲሁ እንደሆነ አያውቁም። መሣሪያዎቹም የሚለኩት የአሁኑን ደቂቃ ነው። የትናንቱን ሰው የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ብቻ ነው። እጅ መያዝና ማጽናናት መልካም ነገር ነው፤ ያንን ግን ሌላ ዘመድ ወይም ወዳጅም ሊያደርገው ይችላል። ምስክርነቱን የሚተካ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ይህ ምስክርነት የሚጀምረው ሆስፒታል ሳይደረስ፣ ገና ቤት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዳይም ሰዓት ነው። ስትሮክን እንውሰድ። አንድ ሰው በድንገት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ አንድ ክንዱ ቢዝል፣ ንግግሩ ቢኮላተፍ ወይም ጨርሶ ቢጠፋበት፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እንደሚጠቅም በትልቅ ጥናት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር፤ ያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ሕመሙ ከጀመረ 3 ሰዓት ላላለፈው ሰው ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዝሞታል። ከዚያም ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ የማውጣት ሕክምና መጣ፤ ይህኛው በምስል ምርመራ ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ ሰዓታት ከየት ጀምሮ ይቆጠራሉ የሚለው ነው። የሚቆጠሩት ምልክቱን ካየንበት ጊዜ አይደለም፤ ሰውየው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ጊዜ ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ግማሽ አካሉ ዝሎ የነቃ ሰው፣ ሕመሙ ጠዋት ጀመረው አይባልም፤ ሰዓቱ ወደ ማታው ይመለሳል። ነገር ግን ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ተነሥቶ ከነበረ፣ ያን ጊዜም ቀጥ ብሎ ተራምዶ በደንብ ተናግሮ ከነበረ፣ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል፤ ይህንን የሚያውቀው ደግሞ አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። ይህች አንዲት መረጃ አንድ ሕክምና ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለውን ውሳኔ ልትለውጥ ትችላለች። ስለዚህ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ ቢቻል ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ጊዜን በትክክል አይገምትም፤ አሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት ይመስለዋል፣ አንድ ሰዓቱም አሥር ደቂቃ።

በዚያው ቅጽበት ባለትዳሮች የሚከራከሩበት ሌላ ነገር አለ፤ በራሳችን መኪና እንሂድ ወይስ አምቡላንስ እንጥራ የሚለው። አምቡላንስ በቶሎ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ አምቡላንስ ይሻላል። የደረት ሕመም የያዘው ሰው ልቡ መንገድ ላይ ቢቆም፣ መሪ የጨበጠው የትዳር ጓደኛ ምንም ሊያደርግለት አይችልም፤ በሚገባ በተሟላ አምቡላንስ ውስጥ ግን ልብን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ምቱ ለመመለስ የሚያገለግል መሣሪያና እርሱን የሚያውቅ ሰው አለ። አምቡላንስ በማይገኝበት ቦታ ሌላ ሰው ይንዳ፤ ባለቤቱ ከኋላ ከታማሚው ጋር ይቀመጥ። «ደህና ነኝ፣ እኔው እነዳለሁ» ለሚል ታማሚ ቁልፍ መስጠት ፍጹም አይገባም፤ ይህንን የሚሉት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸውን፣ ታዳሚዎቼን ለማስቀየም ሳይሆን ከልምዴ በመነሣት እናገራለሁ። ሴቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) በሴቶች ላይ ሁልጊዜ ደረትን ጨምድዶ በመያዝ አይገለጥም፤ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህም ራሷም ባሏም «ጨጓራ ነው» ብለው ያሳድሩታል። እንዲህ ያለ ድካም ከዚህ በፊት ታይቶባት የማያውቅ መሆኑን ያስተዋለ ባል፣ ያስተዋለውን ነገር ሊያቃልለው አይገባም።

ሆስፒታል ሲደረስ የመጀመሪያው ጣቢያ ልየታ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ትሪያጅ ሲባል ሰምታችኋል። ሐሳቡ የጦር ሜዳ ልጅ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ቅደም ተከተል እንዲታከሙ አደረገ፤ ለጄኔራልና ለተራ ወታደር አንድ መመዘኛ መያዝ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው የልየታ ሥርዓቶች ከዚያ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። ለምሳሌ በእንግሊዝ ከተማ በማንቸስተር የተዘጋጀው ሥርዓት አምስት ቀለማት አሉት፤ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ በሐኪም ሊታይ የሚገባውን ያመለክታሉ። እነዚህ ቁጥሮች የተፈለገውን ግብ ይናገራሉ፤ ክፍሉ ሲጨናነቅ ግቡ አይደረስም።

እዚህ ላይ አስታማሚው አንድ መራራ ነገር መቀበል ይኖርበታል። በድንገተኛ ክፍል ውስጥ መጠበቅ፣ በልየታው መሠረት፣ የትዳር ጓደኛችሁ ከሌሎቹ ያነሰ አደጋ ላይ እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። በሩን አልፎ ሳይጠይቁት የገባው ሰው የታደለ ሰው አይደለም። ከእናንተ በኋላ መጥቶ ከእናንተ በፊት የገባ ሰው ስታዩ በልባችሁ የሚነሣው ቁጣ የሚገባኝ ቢሆንም፣ ልየታ ላይ ያለችውን ነርስ በዚያ ቁጣ ማዋከብ ተራውን አያፈጥነውም። ሊያፈጥነው የሚችለው ለውጥ ነው። የልየታው ቀለም የተሰጠው በዚያች ደቂቃ ለታየው ሁኔታ ነው፤ ታማሚው በወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሕመሙ ቢብስበት፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ ቢፈዝ፣ አተነፋፈሱ ቢለወጥ፣ አስታማሚው ተነሥቶ ሄዶ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ አለበት። ታዲያ «እስከ መቼ እንጠብቃለን?» ከማለት ይልቅ «ስንመጣ ይናገር ነበር፣ አሁን ስጠራው ዘግይቶ ነው የሚመልሰው» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው አነጋገር ነርሷ በቀን ውስጥ ደጋግማ የምትሰማው ስሞታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልትተወው የማትችለው መረጃ ነው።

አሁን ወደ ምስክርነቱ እምብርት ልግባ፤ እርሱም ታሪክ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሐኪሞች የታማሚን ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሚያቋርጡት መካከል መካከለኛውን ጊዜ 11 ሰከንድ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ የሚወደስ ነገር አይደለም፤ እኛ የሙያው ሰዎች ልናርመው ይገባል። እስክንታረም ድረስ ግን አስታማሚው የመጀመሪያዎቹን ዐረፍተ ነገሮች በጥንቃቄ ቢመርጥ ይጠቅመዋል። ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ጉንፋን ጀምሮ ወደ ዛሬ መምጣት በወዳጆች መካከል ደንብ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን የዛሬው ይቅደም። ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ሲሆን ምን እያደረገ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየባሰ ነው ወይስ እየተሻለ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ። ከወደቀ፣ ራሱን ስቶ ወደቀ ወይስ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ራሱን ከሳተ፣ እጅና እግሩ ተንቀጥቅጧል ወይ፣ ሲነቃ ወዲያው አወቃችሁ ወይስ ግራ ገብቶት ቆየ። እነዚህን ታማሚው ራሱ ሊመልሳቸው አይችልም፤ አላያቸውምና።

ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ተናገሩ። «የሚጥል በሽታ ያዘው» ግምት ነው፤ «ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ሁለቱም እጆቹ ተንቀጠቀጡ፣ ምላሱን ነከሰ» ምስክርነት ነው። ሐኪሙ ግምቱን ከእናንተ አይፈልግም። የምታውቁት በሽታ ስም ካለ ግን፣ ለምሳሌ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የኩላሊት ሕመም፣ እርሱን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስለ መድኃኒት በተለይ ላቆያችሁ። «ለግፊት የምትወስደው ትንሽ ነጭ ኪኒን አለ» የሚለው አነጋገር ለማንም አይጠቅምም፤ ነጭ ኪኒኖች ብዙ ናቸው። ማሸጊያውን ወይም ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፣ ወይም ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ከሁሉም በፊት የሚነገረው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው። ዋርፋሪን ወይም ተመሳሳዩን የሚወስድ ሰው ራሱን ቢመታ፣ ከውጭ ምንም ባይታይም በውስጥ ሊደማ ይችላል፤ የስትሮክ ሕክምናም በዚሁ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግራ ቢገባው ወይም ራሱን ቢስት የስኳሩ መውረድ አስቀድሞ ይታሰባል፤ መቼ እንደተወጋና ከዚያ በኋላ ምግብ እንደበላ ወይም እንዳልበላ መንገር ይጠቅማል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎችና የማስታገሻ ኪኒኖችም መድኃኒት ናቸው፤ አፍራችሁ አትተዋቸው። አለርጂን በተመለከተ የመድኃኒቱን ስም ብቻ አትናገሩ፣ የሆነውንም ነገር ጨምሩበት፤ የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አለርጂው የለባቸውም፤ ስለዚህ በልጅነት ሆድ መቁሰሉና ጉሮሮ ማበጡ ለሐኪሙ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በግልጽ ካልተናገርሁት ንግግሬ ይጎድላል። ባልና ሚስት ስለ እርስ በርሳቸው ሌላው የማያውቀውን ያውቃሉ፤ ከሚያውቁት ውስጥ በሰው ፊት ሊናገሩት የሚያፍሩበት አለ። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚሰጥ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል መድኃኒት አለ። አንድ ወንድ ለግንኙነት ችግር የሚወሰደውን ሲልደናፊል ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ወይም ታዳላፊልን ባለፉት 48 ሰዓታት ውስጥ ወስዶ ከነበረ፣ ናይትሮግሊሰሪኑ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ሐኪሙ ሲጠይቀው፣ ልጆቹ ወይም አማቹ አጠገቡ ቆመው ከሆነ፣ «አልወሰድሁም» ይላል። ሚስቱ ይህን ካወቀች ሰው ሁሉ እንዲወጣ ማድረግ ወይም ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቃ መንገር ትችላለች። የመጠጥ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ሕይወትን የሚያሰጋ የሰውነት መናጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ሊከላከለው ይችላል። ክብርን ለመጠበቅ ሲባል የሚደበቅ ነገር ሕመምተኛውን ሲጎዳ አይቻለሁ፤ ክብር የሚጠበቀው በጓዳ በመንገር ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን ታማሚው መናገር እየቻለ አስታማሚው አፉን ይንጠቀው ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥሩን የሚሰጠው የሚያመው ሰው ነው። ሐኪሙ ንግግሩን የሚሰማው ለይዘቱ ብቻ አይደለም፤ ሲናገር ትንፋሹ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ይበቃው እንደሆነ፣ ቃላቱ ይምታቱ እንደሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን ያውቅ እንደሆነ እየመረመረ ነው። ሚስት ስለ ባሏ ስትመልስ ያ ምርመራ ይበላሻል። መጀመሪያ እርሱ ይናገር፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉ።

አንዳንድ ጊዜ ነርሷ «ለጥቂት ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» ትላለች። ይህ ብዙ ባሎችን ያስቆጣል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ታማሚዋን ማራቆት ሊያስፈልግ ይችላል፣ የእርግዝና ምርመራ ሊታሰብ ይችላል፣ ቦታውም ጠባብ ነው። አንዱ ምክንያት ግን በሹክሹክታ የሚታለፍ ስለሆነ እኔ እናገረዋለሁ፤ በቤቷ የምትደበደብ ሴት፣ የሚደበደብ ወንድም ቢሆን፣ እውነቱን መናገር የምትችለው የመታት ሰው በሌለበት ነው። ማን እንደሆነ ከፊት ማንበብ ስለማይቻል ጥያቄው ለሁሉም፣ ብቻቸውን ሆነው ይቀርባል። ስለዚህ ውጡ ስትባሉ አልተጠረጠራችሁም፤ ደንቡን በእናንተ ላይ መፈጸሙ ለሌላይቱ መከለያ ነው። ሳትከራከሩ ውጡ።

ከገቡ በኋላ ያለው መጠበቅ ከውጭው ይረዝማል፤ የሚያስመርረውም ምክንያቱ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ደም ተወስዶ ውጤቱ ደህና ነው ከተባለ በኋላ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ደም ሊወሰድ ነው ሲባል፣ የመጀመሪያው ጠፍቶባቸው ነው ብሎ የሚያስብ አለ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ጉዳቱ እንደደረሰ ወዲያውኑ ላይጨምር ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ልኬት ብቻ ተማምኖ ታማሚን መሸኘት አደጋ አለው፤ የሚፈለገው በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዚህ መካከል ታማሚው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፤ አስታማሚው ሊያበላው ይሻል። ሳትጠይቁ ምንም አትስጡ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ በሰመመን ውስጥ የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ስትሮክ የያዘው ሰው ደግሞ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ ውኃ እንኳ ቢጠጣ ሊያንቀው ይችላል። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

የመከታተያ መሣሪያው ሲጮህ ትደነግጣላችሁ። አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ከጣት ላይ በወለቀ መለኪያ ወይም በታማሚው መንቀሳቀስ ነው። መስኮቱ ላይ የሚፈሱትን ቁጥሮች በዓይናችሁ ከመከተል ይልቅ የሰውየውን ፊት ተመልከቱ፤ ያንን ከእኛ በተሻለ ማንበብ ትችላላችሁ። ተረኞች በሚቀያየሩበት ሰዓትም ንቁ፤ የወጣው ቡድን ለገባው ቡድን የሚያስተላልፈው ቃል አጭር ነው፤ አንድ ነገር ሊቀር ይችላል። አዲሷን ነርስ «ስለ ደም ማቅጠኛው ነግረዋችኋል ወይ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነገረኛ አያሰኝም።

አሁን ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር እመጣለሁ፤ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ባል ወይም ሚስት ሊናገሩት ከሚችሉት ሁሉ የላቀ ክብደት አለው ብዬ የማምነው ነው፦ «ይህ ሰው እንደ ወትሮው አይደለም።» ቁጥሮቹ ገና ደህና ሆነው ሳለ የሰውየው ጠባይ ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል። ኢንፌክሽን ወደ ደም ሥርዓት ተሰራጭቶ የሰውነት ክፍሎችን መጉዳት ሲጀምር፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ ከትኩሳት ቀድሞ መደናገር ሊታይ ይችላል። ለእኛ «ዝምተኛ ሽማግሌ» የሚመስሉን ሰው ለባለቤታቸው ትናንት ቤቱን በጨዋታ የሞሉ ሰው ናቸው።

ይህን ምስክርነት አለመስማት ዋጋ አስከፍሏል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ራያን የተባለ ሕፃን፣ በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ማርታ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ የሞቱት፣ ወላጆቻቸው ሁኔታቸው እየባሰ መሆኑን ሲናገሩ ቃላቸው በሚገባ ሳይሰማ ቀርቶ ነው። ከዚያ በኋላ በስማቸው የተጠሩ ደንቦች ወጡ፤ የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ2024 በሆስፒታሎች ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ደንቦቹ ቤተሰብ ስጋቱ ካልተሰማለት በቀጥታ ደውሎ ከሌላ ቡድን ፈጣን ግምገማ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣሉ። ታሪኮቹ የወላጅና የልጅ ቢሆኑም ደንቦቹ ለትዳር ጓደኛም ያገለግላሉ። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ቦታም ቢሆን መጀመሪያ ነርሷን፣ ቀጥሎ ተረኛ ሐኪሙን፣ ከዚያም የክፍሉን ኃላፊ በቅደም ተከተል መጠየቅ ይቻላል። ድምፅን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ያያችሁትን ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ ደጋግማችሁ መናገር በቂ ነው።

ፊርማን በሚመለከት አጭር ልሁን፤ ነገሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና። ብዙ ሰው የጋብቻ ወረቀት በራሱ ስለ ሌላው ሕክምና የመወሰን ሥልጣን የሚሰጥ ይመስለዋል። በእንግሊዝ አይሰጥም፤ ሐኪሞቹ ባለቤትን ማማከር ቢኖርባቸውም፣ የመወሰን ሥልጣን የሚገኘው አስቀድሞ በተሰጠ ውክልና ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ አንዱ የትዳር ጓደኛ ራሱን ስለ ሳተው ሌላው እስከ ስድስት ወር ድረስ እንዲወስን ሕጉ ፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት ይህ መብት አልነበረም። ሕይወትን ለማትረፍ በሚደረግ አስቸኳይ ሕክምና ፊርማ እስኪገኝ በአብዛኛው አይጠበቅም። ከፊርማው ይልቅ የሚከብደው «ባለቤትዎ ቢናገሩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልብ በሉ፤ የተጠየቃችሁት እናንተ የምትፈልጉትን አይደለም። እዚህም የሚፈለገው የእናንተ ምስክርነት ነው።

የከፋው ሆኖ ልብ ቢቆምስ? ቤተሰብ ውጭ ይሁን የሚለው ልማድ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። በፈረንሳይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በቤታቸው ልባቸው የቆመባቸውን ሰዎች 570 ዘመዶች ተከታትሎ፣ የማነቃቂያ ሕክምናውን እንዲያዩ በተጋበዙት ላይ ከ90 ቀን በኋላ የሥነ ልቦና ስብራት ምልክቶች ካልተጋበዙት ያነሱ ሆነው አገኛቸው፤ የሐኪሞቹም ሥራ አልተሰናከለም። ይህ ሁሉም ሰው መቆም አለበት ማለት አይደለም። ምርጫው ከቀረበላችሁ ግን፣ ማየቱ ሁልጊዜ ካለማየቱ የባሰ ነው ብላችሁ አትገምቱ። መግባት ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ መውጣት ከፈለጋችሁም ማንም አይፈርድባችሁም።

ስለ ራሳችሁም ጥቂት ልበል። በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ከ500 ሺህ በላይ ባለትዳሮችን ያጠና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ምርምር፣ አንዱ ሆስፒታል ሲገባ የሌላው የመሞት ዕድልም እንደሚጨምር አሳይቷል። የራሳችሁን ኪኒን ቤት ረስታችሁ መጥታችሁ ከሆነ አንድ ሰው ያምጣላችሁ፤ ብሉ፣ ተቀመጡ። ለዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ መደወልን ለአንድ ሰው ስጡት፤ እርሱ ለሌሎቹ ይንገር። ታሪኩን ለሃያ ሰው ስትደግሙ የሐኪሙ መምጣት ያመልጣችኋል።

በመጨረሻ ወደ ቤት የመሄጃው ሰዓት ይደርሳል፤ ብዙዎች የሚናደዱትም እዚህ ነው፤ «ይህን ሁሉ ሰዓት አቆይተው ምንም አላገኘንም አሉን» ይላሉ። የድንገተኛ ክፍል ሥራ ዛሬ የሚገድለውን ለይቶ ማግኘት ወይም አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። የሕመሙ ሙሉ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በመደበኛ ክትትል ነው። ስለዚህ «ምንም አላገኘንም» ከተባላችሁ «የትኞቹን አደገኛ ነገሮች አለመኖራቸውን አረጋገጣችሁ? የትኞቹስ ቀርተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዎች ከሐኪም ከሚነገራቸው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሱ ተጽፏል፤ የደከመና የታመመ ሰው ደግሞ የበለጠ ይረሳል። አስታማሚው ይጻፍ፤ የተረዳውንም ለሐኪሙ በራሱ ቃል መልሶ ይንገረው። የትኛው መድኃኒት አዲስ ነው፣ ከድሮዎቹ የትኛው ይቁም፣ ምን ምልክት ቢታይ በሌሊትም ቢሆን እንመለስ፣ ክትትሉ የትና መቼ ነው። ባልና ሚስት ቤት ከደረሱ በኋላ «ይቁም ነው ያለው»፣ «አይደለም፣ ይቀንስ ነው ያለው» ብለው ሲከራከሩ የሚያስታርቃቸው ወረቀት ሊኖር ይገባል።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ልጨምር። ከሄዳችሁ በኋላ የሚደርሱ ውጤቶች አሉ፤ ተሐዋስያንን ለማብቀል የተወሰደ ደም ወይም ሽንት ውጤቱ በአንድ ሌሊት አይደርስም፣ በሌሊት የታየ ራጅም በማግሥቱ በሌላ ባለሙያ እንደገና ይነበብ ይሆናል። የተለየ ነገር ሲገኝ ሆስፒታሉ የሚደውለው ካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታማሚው ነው፤ ታማሚው ግን ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል። ከመውጣታችሁ በፊት የእናንተም ቁጥር አብሮ መጻፉን አረጋግጡ፤ ከማታውቁት ቁጥር የሚመጣውንም ጥሪ በእነዚያ ቀናት አንሡ።